ለሰርግ ዛንዚባር፣ 5 ቀን ይበቃል?

«ጓደኛዬ በግንቦት ዛንዚባር ላይ ታገባለች፤ ከጎንደር ተነስቼ 5 ቀን ይበቃኛል?» ላልሽው፣ ይበቃል እህቴ። ግን ከሰርጉ ሁለት ቀን ቀድመሽ ግቢ። የጎንደሩ በረራ ከዘገየ የአዲስ አበባው አይጠብቅሽም። እኔ አንዴ ለሚዜነት ስሄድ እንዲሁ ሆኖብኝ፣ የደረስኩት ኬኩ ከተቆረሰ በኋላ ነው። ሱፌ ከሻንጣ እንኳ አልወጣም።

ከሁሉ በፊት የቢጫ ወባ ክትባት! ካርዱ የሚሠራው ከተወጋሽ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በመጨረሻው ሳምንት እንዳትሯሯጪ። አንዴ ከተከተብሽ ዕድሜ ልክ ነው። ደሴቷ የምትጠይቀው የ44 ዶላር ኢንሹራንስም አለ፤ በኦንላይን ይከፈላል።

ከመጋቢት እስከ ግንቦት ትልቁ ዝናባቸው ነው። እኛ ከፋሲካ በኋላ ድንኳን ስንጥል እነሱ ጃንጥላ ይዘረጋሉ። ሙቀቱ ደግሞ የጎንደር ሙቀት አይደለም፣ ላብ በላብ ያደርጋል። የሐበሻ ቀሚስሽ ስስ ይሁን፤ ጥልፉ የከበደውን ቤት ተይው። የደሴቷን አሮጌ ከተማ ስቶን ታውንን ስትዞሪ ትከሻና ጉልበትሽን ሸፈን አድርጊ፣ አብዛኛው ሰው ሙስሊም ነው። በሰርጉ ማግስት ዝናቡ ጋብ ካለ ጆዛኒ ጫካ ሂጂ። የእኛ ጉሬዛ ዘመዶች የሆኑ፣ ጀርባቸው ቀይ ጦጣዎች አሉ፤ ሰው አይፈሩም።