አሠልጣኝ የሌለው የመምህራን ጉባኤ፦ ከሐዋሳ መምህራን ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በመጪው ቅዳሜ ከሐዋሳ የተለያዩ ትምህርት ቤቶች የተውጣጣን መምህራን፣ አጀንዳውን በዕለቱ ራሳችን የምናወጣበት የአንድ ቀን ጉባኤ እናካሂዳለን። እንዲህ ያሉ ስብሰባዎችን ደጋግሜ ተካፍያለሁ፣ አስተናግጃለሁም፤ ስለዚህ «ግር ያላችሁን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ፕሮግራሙን ብጠይቅ «ጠዋት እዚያው ይወጣል» አሉኝ። ይህ ያልተዘጋጁበት ስብሰባ ማለት አይደለም?

መልስ፦ አይደለም። ክፍሎቹ፣ ሰዓቱና ባዶው ሰሌዳ ተዘጋጅተው ይጠብቁዎታል፤ ርዕሱን ይዘው የሚመጡት ግን እርስዎ ነዎት። ጠዋት ግድግዳው ላይ ትልቅ ወረቀት ይለጠፋል፤ ወደ ጎን ክፍሎቹ፣ ወደ ታች ሰዓቱ ተሰምሮበታል። መወያየት የፈለገ ሰው ርዕሱን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ይነሣል፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስተዋውቃል፣ ባዶ ቦታ ፈልጎ ይለጥፋል። ብዙም ሳይቆይ ሰሌዳው ይሞላል።

አሠራሩ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። ሃሪሰን ኦወን የተባለ አሜሪካዊ ብዙ የደከመበትን ጉባኤ ካካሄደ በኋላ፣ ተሳታፊው ከሁሉ አብልጦ የወደደው የቡና ዕረፍቱን መሆኑን ታዘበ። «ታዲያ ስብሰባው ሁሉ እንደዚያ ቢሆንስ?» ብሎ እ.ኤ.አ. በ1985 ሞከረው። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ የፊላደልፊያ መምህራን «ኤድካምፕ» በሚል ስም ለሙያችን አስማሙት። (የቡናውን ጉዳይ እንኳን እኛም ሳይነግሩን እናውቀው ነበር።)

ጥያቄ፦ ምን ይዤ ልምጣ? ፓወር ፖይንት ላዘጋጅ?

መልስ፦ ፓወር ፖይንቱን ይተዉት። ከክፍልዎ አንድ ጠበብ ያለ ችግር ይዘው ይምጡ። የቀኑ ጥቅም ከሞላ ጎደል የሚወሰነው በዚህ ስለሆነ ትንሽ ላብራራ።

«የተማሪዎች ውጤት ማሽቆልቆል» የሚል ርዕስ ቢለጥፉ ክፍሉ ጢም ብሎ ይሞላል። ከዚያ ወላጅ ይወቀሳል፣ ስልክ ይወቀሳል፣ መጽሐፉ ይወቀሳል፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ሁሉም አንገቱን እየነቀነቀ ይወጣል። «ተማሪዎቼ 1/2 ሲደመር 1/3 ስላቸው 2/5 ይሉኛል፤ የላዩን ከላዩ፣ የታቹን ከታቹ ይደምራሉ፤ ባርማቸውም በማግስቱ እዚያው ናቸው» ብለው ቢለጥፉ ግን የሚመጡት ጥቂት ናቸው፤ ሁሉም ያንን ስሕተት በዓይናቸው ያዩ ናቸው። ሦስት የተማሪ ደብተር፣ ስሙን ሸፍነው፣ ጠረጴዛው ላይ ዘርጉላቸው። አንዱ «2/5ኮ ከ1/2 ያንሳል፤ ጨምረንበት እንዴት አነሰ? ብለህ ጠይቃቸው» ይላል። ሌላዋ ወረቀት አውጥታ ስድስት ቦታ ታጥፍና ግማሹ ሦስት እጥፋት፣ ሲሶው ሁለት እጥፋት፣ ድምሩ አምስት ስድስተኛ መሆኑን ታሳያለች። ሦስተኛው «እኔ ዘንድ ይህ ስሕተት የሚመጣው ማባዛትን ካስተማርኩ በኋላ ነው» ብሎ ያላሰቡትን ምክንያት ይጠቁምዎታል። ሰኞ ክፍል የሚገቡበት ነገር ያገኛሉ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ዓመት መምህርት ነኝ። ሃያ ዓመት ባስተማሩ ሰዎች ፊት ርዕስ መለጠፍ ድፍረት አይሆንብኝም?

መልስ፦ አይሆንም እህቴ። ርዕስ የሚለጥፍ ሰው መልሱን ማወቅ ግዴታው አይደለም። «70 ተማሪ ባለበት ክፍል የቡድን ሥራ እንዴት ይመራል? እኔ አልቻልኩበትም፤ የቻለ ይርዳኝ» ብለሽ ጻፊ። እንዲያውም ጀማሪ የጠየቀው ጥያቄ ነባሩን መምህር ያነቃዋል፤ እርሱ ለምዶት ማየት የተወውን ነገር ነውና የምታነሺው። ማስታወሻ የሚይዝልሽ ሰው ግን ከመጀመሪያው ለምኚ፤ እየመሩ መጻፍ አይቻልም።

ጥያቄ፦ «ውይይቱ ካልጠቀማችሁ ተነሥታችሁ ሌላ ክፍል ግቡ» የሚለው ደንብ እኛ አገር ይሠራል? ትልቅ ሰው እየተናገረ ጥሎ መውጣት ነውር ነው።

መልስ፦ ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። ኦወን «የሁለት እግር ሕግ» ይለዋል፤ የማትማርበት፣ የማታበረክትበት ቦታ ላይ ከሆንክ እግርህን ተጠቀም ማለቱ ነው። እኛ ደግሞ በይሉኝታ ሙሉ ቀን ተቀምጠን የምንውል ሰዎች ነን። እያዛጋን ጭብጨባ ላይ እንነቃለን።

በእኔ እምነት ደንቡ ይሠራል፤ ግን ጠዋት፣ በመክፈቻው ላይ፣ ከመካከላችን በዕድሜ የገፉት ሰው ናቸው ማወጅ ያለባቸው። እርሳቸው «እኔን ጥላችሁ ብትወጡ አልቀየምም፤ እኔም ጥዬ እወጣለሁ» ካሉ በኋላ መውጣት ንቀት መሆኑ ይቀራል። በተረፈ በሩ አጠገብ ይቀመጡ፣ ተናጋሪው ሐሳቡን እስኪጨርስ ይታገሡ፣ እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው ጎንበስ ብለው ይውጡ። ሰበብ አይፍጠሩ፤ ስልክ የተደወለ ማስመሰልም አያስፈልግም። ሰው ሲወጣብዎት ደግሞ አይከፉ። ሦስት ሰው ብቻ የቀረበት ክፍል ብዙ ጊዜ ከሁሉ የተሻለ ውይይት የሚደረግበት ነው።

ጥያቄ፦ ሱፐርቫይዘሮችና ርዕሳነ መምህራን ቢመጡስ? ማን ደፍሮ ይናገራል?

መልስ፦ ይምጡ፤ ግን እንደ ተሳታፊ። ወንበሩ ክብ ይደረደር፣ የክብር ጠረጴዛ አይኑር፣ የአለቃ የመክፈቻ ንግግር አይኑር። የትምህርት ቤትዎን ችግር ሲያነሡ ሰው አይጥቀሱ። አንድ ሰው ውይይቱን ጠቅልሎ ከያዘው (አለቃም ሆነ አልሆነ) አወያዩ «ይህን ሐሳብ ይዘን እስካሁን ያልተናገሩትን እንስማ» ብሎ ዙሩን ያስጀምር። በጨዋነት የሚባል ነገር ነው፤ ሰውም ይቀበለዋል።

ጥያቄ፦ ለተሙማ (ለተከታታይ ሙያ ማሻሻያ) ይቆጠርልናል? አበልስ አለው?

መልስ፦ አበል የለውም። ተሙማን በተመለከተ፣ የአገራችን ማዕቀፍ አንድ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ለተከታታይ ሙያ ማሻሻያ እንዲያውል ይጠብቃል፤ ይህ ቀን ከዚያ እንዲያዝልዎ ከፈለጉ ከጉባኤው በፊት ርዕሰ መምህርዎን ያነጋግሩ። ርዕሱ ከዓመታዊ ዕቅድዎ ጋር የሚገናኝ ይሁን። የተማሩትንና ክፍል ውስጥ የሞከሩትን በአንድ ገጽ ጽፈው ማኅደረ ተግባርዎ (ፖርትፎሊዮዎ) ውስጥ ያስገቡ፤ የተገኙበት ፊርማ ብቻውን ብዙም አያሳምንም።

ጥያቄ፦ በየትኛው ቋንቋ ነው?

መልስ፦ ርዕሱን የለጠፈው ሰው ወረቀቱ ላይ ይጻፈው፤ በሲዳሙ አፎም ይሁን በአማርኛ።

ጥያቄ፦ ሁለት የምፈልጋቸው ውይይቶች በአንድ ሰዓት ቢገጥሙብኝስ? ለምሳስ መውጣት እንችላለን?

መልስ፦ ከባልደረባዎ ጋር ተከፋፍላችሁ ግቡ፣ በኋላ ተነጋገሩ። ምሳም ይውጡ። አሞራ ገደል ዓሣ ሊበሉ ከሄዱ ግን ባጃጁ ላይ ከማያውቁት ትምህርት ቤት መምህር ጋር ይሳፈሩ። ከአንድ ትምህርት ቤት የመጡ ሰዎች ቀኑን ሙሉ አብረው ሲዞሩ ሳይ ያናድደኛል፤ ለዚያማ የመምህራን ማረፊያ ክፍሉ ይበቃቸው ነበር።

ጥያቄ፦ እንዲህ ካለው ስብሰባ በኋላ የቴሌግራም ቡድን ይከፈታል፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የበዓል መልካም ምኞት መለዋወጫ ይሆናል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ቡድኑ ይከፈት፣ ግን አይመኩበት። ከመውጣትዎ በፊት አንድ ሰው ይምረጡ። አንድ የምትሞክሩትን ነገር ተስማሙ፣ ቀን ቁረጡ፣ በዚያ ቀን ተደዋወሉ። ከተቻለ አንዱ የሌላውን ክፍል ገብቶ ይይ። አምስት ነገር ይዞ የሄደ አንዱንም አይሞክርም።

ጥያቄ፦ እውነቱን ለመናገር መምህር ሲሰበሰብ ወሬው ደመወዝና የቤት ኪራይ ነው። እንዴት ልትከለክሉት ነው?

መልስ፦ አንከለክልም። የመጀመሪያው ሰዓት ላይ አንድ ክፍል ይሰጠው፤ የፈለገ ይግባ፣ የልቡን ይናገር፣ ለማኅበሩ የሚቀርብ ነገር ካለ ይጻፍ። ቦታ ሲነፈገው ነው በየክፍሉ ሾልኮ የሚገባው። የክፍልፋዩ ውይይት ላይ ከተነሣ ደግሞ አወያዩ ሰሌዳው ላይ ያለውን ክፍል ቁጥር ይጠቁም።