እያጠባሁ እንቆቆ ልውሰድ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። 27 ዓመቴ ነው፤ የአምስት ወር ልጅ አጠባለሁ። ገና ላይ የቅርጫ ሥጋ በጥሬው በልቼ ነበር። ሰሞኑን ውስጥ ልብሴ ላይ ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር አገኛለሁ። ለእናቴ ስነግራት «ኮሶ ታይቶሽ ነው» ብላ ከአንኮበር እንቆቆ ላከችልኝ። ከኑግ ጋር ወቅጬ በባዶ ሆዴ እንድወስደው ነው ያለችኝ። ባለቤቴ ደግሞ በፍጹም አይሆንም ይላል። ልጄንስ ይይዘው ይሆን?

መልስ፦ ከልጅዎ ልጀምር፤ እሱ ይበልጥ እንዳስጨነቀዎት ይገባኛል። የከብት ሥጋ ኮሶ ከእናት ወደ ልጅ አይተላለፍም። ሰው የሚይዘው በደንብ ያልበሰለ ሥጋ ሲበላ ብቻ ነው። አይስጉ።

እናትዎም ያሉት ልክ ይመስለኛል። የነገሩኝ ምልክት የኮሶ ትል ነው። ትሉ ከሥጋው ጋር ከገባ በኋላ ቁራጩን መጣል ለመጀመር ከ2 እስከ 3 ወር ይፈጅበታል።

እንቆቆም ዝም ብሎ የሚናቅ ነገር አይደለም። ፍሬው ውስጥ ኤምቤሊን የሚባል ትል የሚጎዳ ንጥረ ነገር አለ። ፋርማሲ ባልነበረበት ዘመን ወገኖቻችን ሆዳቸውን ያጸዱት በእሱና በኮሶ ዛፍ አበባ ነው። ግን ያኔ ሰው ኮሶ የሚጠጣው አንዴ አልነበረም፤ በየሁለት ወሩ ገደማ ነበር። ለምን ይመስልዎታል? አንዱ ምክንያት ትሉ አንጀት ላይ የሚጣበቅበት ራስ ነው። የስፒል ራስ ታህላለች። ሜትሮች የሚረዝመው ገላ ተበጣጥሶ ወጥቶ እሷ ከቀረች፣ ትሉ እንደገና ያድጋል።

ትልቁ ችግር መጠኑ ነው። አንድ እፍኝ እንቆቆ ውስጥ ምን ያህል መድኃኒት እንዳለ እናትዎም እኔም አናውቅም። ከዛፍ ዛፍ ይለያያል። ገበያ ላይ ደግሞ ቀጨሞም እንዲሁ ትንንሽ ድብልብል ፍሬ ስለሆነ ሊምታታ ይችላል። ሲበዛ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል፣ አቅም ያሳጣል፤ ለምታጠባ እናት ይሄ ቀላል አይደለም። የኮሶ አበባ ሲበዛ ዓይን ይጎዳል። የእንቆቆ ዘመድ የሆነ የሕንድ ተክልም በጫጩቶች ላይ ሲሞከር ዓይናቸውን ጎድቷል። ኤምቤሊን ራሱ በእንስሳት ላይ መውለድን ሲያውክ ታይቷል። ስለዚህ ለነፍሰ ጡር፣ ለምታጠባ እናትና ለሕፃን እንቆቆ አልፈቅድም። በዚህስ ከባለቤትዎ ጋር ነኝ።

ነገ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ያገኙትን ቁራጭ በንጹሕ ዕቃ ይዘው ቢሄዱ ጥሩ ነው፤ የሰገራ ምርመራ አንዳንዴ ያመልጠዋል። ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ ይታዘዝልዎታል። ፕራዚኳንቴል በኪሎ ተሰልቶ አንዴ ብቻ ነው የሚወሰደው። እንደሚያጠቡ ሳይጠየቁ ይናገሩ፤ የመድኃኒቱ ምርጫና የማጥባቱ ሰዓት በዚያ ይወሰናል። ብዙ ሰው ለወስፋት የሚወስዳት አንዲት ፍሬ አልቤንዳዞል ለኮሶ አስተማማኝ አይደለችም፤ እሷን ገዝተው እንዳይመለሱ። ከመድኃኒቱ በኋላ ሙሉው ትል ሲወጣ ካላዩም አይደንግጡ። አንጀት ውስጥ ተፈጭቶ ሊቀር ይችላል።

ሥጋውን በተመለከተ፣ የቅርጫ በሬ አብዛኛውን ጊዜ ሳይመረመር ነው የሚታረደው። ለብለብ ማድረግ አይበቃም፤ ሚጥሚጣም አረቄም ትሉን አይገድሉትም። ውስጡ ድረስ ይብሰል። ጥሬው ግድ ከሆነ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሆነ ፍሪዘር 7 ቀን ይቆይ። ሽንት ቤት መጠቀምም ከብቱን ያድናል፤ በሬው የሚያዘው ሰው ሜዳ ላይ የተጸዳዳበትን ሣር ሲግጥ ነው።

በሦስት ወር ውስጥ ቁራጩ እንደገና ከታየዎት ተመልሰው ይታዩ። ባለቤትዎም ከዚያው ቅርጫ በጥሬው በልተው ከሆነ አብረዎት ይመርመሩ።