መጀመሪያ መጠኑ፣ ከዚያ ውኃው

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ጣና ዳር ባለ አነስተኛ የዓሣ ጫጩት ማስፈልፈያ እሠራለሁ። አምባዛ ለማስረባት ጂኤንአርኤች የሚባለውን ሰው ሠራሽ ሆርሞን ገዛን። ብልቃጡ 5 ሚሊግራም ይላል፤ 2 ሚሊ ሊትር ሳላይን (ለመርፌ የሚሆን የጨው ውኃ) ጨመርኩበት። መመሪያችን በኪሎ 20 ማይክሮግራም ስለሚል፣ 1.2 ኪሎ ለምትመዝን እናት 24 ማይክሮግራም ብዬ በኢንሱሊን ሲሪንጅ እስከ 24 ቀድቼ ከምሽቱ 2 ሰዓት ወጋኋት። ዶምፔሪዶን ክኒንም ፈጭቼ፣ በሳላይን በጥብጬ ሰጠኋት። ከንጋቱ 12 ሰዓት ሆዷን ባሸው አንድም ዕንቁላል አልወጣም። ብልቃጡም በስምንት ዓሣ አለቀ። የተሳሳትኩት የት ላይ ነው?»

መልስ፦ እኅቴ፣ 24 ማይክሮግራም ያልሽው ትክክል ነው። ስሕተቱ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ ማይክሮግራሙን ወደ ሲሪንጁ ስታሻግሪ ነው።

በኢንሱሊን ሲሪንጅ ላይ የተጻፉት ቁጥሮች የኢንሱሊን አሃዶች ናቸው። «ዩ-100» በሚለው ሲሪንጅ 100 አሃድ 1 ሚሊ ሊትር ነው፤ ስለዚህ አንዱ አሃድ 0.01 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ማለት ነው እንጂ ሌላ ምንም አይደለም። በዚያ ፈሳሽ ውስጥ ስንት ማይክሮግራም እንዳለ ሲሪንጁ አያውቅም፤ የሚያውቀው የበጠበጠው ሰው ነው። 5 ሚሊግራም 5,000 ማይክሮግራም ነው። በ2 ሚሊ ሊትር ሲበጠበጥ በአንድ ሚሊ ሊትር 2,500፣ በአንድ አሃድ 25 ማይክሮግራም ይሆናል። እስከ 24 ስትቀጂ የሰጠሻት 24 ሳይሆን 600 ማይክሮግራም ነው።

እንግዲህ ትክክለኛውን ልቅዳ ብትዪስ? 24ን ለ2,500 ስናካፍል 0.0096 ሚሊ ሊትር ይመጣል፤ አንድ አሃድ እንኳ አይሞላም። እጅሽ በግማሽ አሃድ ቢስት ግማሽ መጠን ጠፋ ወይም ተጨመረ ማለት ነው። ከ24 አሃድ ላይ ግን ያው የግማሽ አሃድ ስሕተት 2 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ በዚያ ብጥብጥ በጥንቃቄ ማንበብ ብቻውን አያድንሽም፤ የጨመርሽው ውኃ ለዚህ ሥራ አይመጥንም። ብዙ ሰው ብልቃጡን እንዳገኘ እጁ የመራውን ያህል ውኃ ይጨምርና ከዚያ በኋላ ሊያሰላ ይቀመጣል። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት፦ ዓሣዋ ስንት ማይክሮግራም ያስፈልጋታል፣ ያን በሲሪንጄ ላይ በስንት አሃድ ላንብበው፣ የውኃው ነገር በመጨረሻ።

ለአንቺ 24 ማይክሮግራሙን በ24 አሃድ ማንበብ ይበጅሻል። ይህ የሚሆነው ብጥብጡ በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ማይክሮግራም ሲይዝ ነው። ያን ጊዜ አንዱ አሃድ ልክ አንድ ማይክሮግራም ይሆናል፤ መጀመሪያ ያሰብሽው ንባብም እውነት ይሆናል። ለ900 ግራም ዓሣ 18፣ ለ2 ኪሎ ዓሣ 40 ትቀጃለሽ። ሆኖም ብልቃጡን በሙሉ እንዲህ ማቅጠን 50 ሚሊ ሊትር ገደማ ይጠይቃል፤ ብልቃጡ አይችለውም። ሆርሞኑ ደግሞ ፔፕታይድ፣ ማለትም አጭር የፕሮቲን ቁራጭ፣ ነው፤ ሲቀጥን የዕቃው ግድግዳ ላይ እየተለጠፈ ይቀንሳል፤ ሲቀመጥም ቶሎ ይበላሻል። ስለዚህ ሥራውን በሁለት ደረጃ እንከፍለዋለን፦ እንደ ጠላ፣ ድፍድፉ ይቀመጣል፤ የሚቀጥነው ለዕለቱ የሚበቃው ብቻ ነው።

ከዚያ በፊት ብዙዎች የሚዘሉት አንድ ነገር አለ። ብልቃጥ ላይ የተጻፈው ክብደት አንዳንድ ጊዜ የዱቄቱ ጠቅላላ ክብደት ነው፤ ከፔፕታይዱ ጋር ጨውና እርጥበት ይመዘናል። ከዕቃው ጋር የሚመጣው የምርመራ ወረቀት ላይ «የተጣራ የፔፕታይድ መጠን» የሚለውን ፈልጊ። «ንጽሕና 98 በመቶ» የሚለው ሌላ ነገር ነው፤ እርሱ ከፔፕታይዱ ጋር ምን ያህል ሌላ ፔፕታይድ እንደተቀላቀለ እንጂ ጨውና ውኃውን አይናገርም። የአንቺ ወረቀት 80 በመቶ ቢል ብልቃጡ ውስጥ ያለው 4,000 ማይክሮግራም ነው፤ የሰጠሻትም 600 ሳይሆን 480፣ ማለትም ከሚገባት 20 እጥፍ ነው። ወረቀቱ ከሌለሽ ሻጩን ጠይቂ፤ የማይሰጥ ሻጭ ዘንድ ዳግመኛ አትሂጂ።

በዚህ ምሳሌ እንቀጥል። 4,000 ማይክሮግራም በ2 ሚሊ ሊትር ሲበጠበጥ ድፍድፉ በአንድ ሚሊ ሊትር 2,000 ይይዛል። ከእርሱ 0.5 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 1,000 ማይክሮግራም፣ ንጹሕ ብልቃጥ ውስጥ አድርጊና 9.5 ሚሊ ሊትር ሳላይን ጨምሪበት። አሁን 10 ሚሊ ሊትር፣ በሚሊ ሊትር 100 ማይክሮግራም አለሽ። ወዲያው ብልቃጡ ላይ ቀኑንና «1 አሃድ = 1 ማይክሮግራም፣ በዩ-100 ብቻ» ብለሽ ጻፊ። «ብቻ» ያልኩት ዩ-40 የሚል ሲሪንጅም ስላለ ነው፤ በእርሱ 40 አሃድ 1 ሚሊ ሊትር ስለሆነ ያው ቁጥር ሁለት ተኩል እጥፍ ፈሳሽ ይሰጣል። ጭረቶቹንም ቁጠሪ፦ ብዙዎቹ ባለ 1 ሚሊ ሊትር ኢንሱሊን ሲሪንጆች አንዱ ጭረት 2 አሃድ ነው፤ በባለ ግማሽ ሚሊ ሊትሩ አብዛኛውን ጊዜ 1 ነው። በስምንት ዓሣ ያለቀው ብልቃጥ በዚህ አሠራር ለዚያ መጠን ከ160 በላይ እናቶች ይበቃል።

ስትበጠብጪ ብልቃጡን ከማቀዝቀዣ አውጥተሽ ሳትከፍቺ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ጠብቂ፤ ቀዝቃዛ ብልቃጥ ሲከፈት እርጥበት ይስባል። ሳላይኑን ዱቄቱ ላይ አታፍስሽ፤ በመስታወቱ ጎን ቀስ ብሎ ይውረድ። አትነቅንቂው፤ በጣትሽ አዘንብለሽ አዙሪው፣ በራሱ ይሟሟል። ድፍድፉን በ0.5 ሚሊ ሊትር ከፋፍለሽ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ አቀዝቅዢ፤ አንዱ ድርሻ አንዴ ከቀለጠ ተመልሶ አይግባ። መብራት ሄዶ ሲመጣ የቀለጠ መሆኑን ከጠረጠርሽ ለሥራ አትተማመኚበት።

ዶምፔሪዶኑ ተቃራኒ ጠባይ አለው። ክረምት ሲገባ ጎርፉ የፎገራን ሜዳ ሲሸፍን አምባዛ ከሐይቁ ወጥታ ትረባለች፤ ገንዳ ውስጥ ያን ምልክት ስለማታገኝ ጂኤንአርኤች በመርፌ እንሰጣታለን። ነገር ግን አንጎሏ ውስጥ ዶፓሚን የሚባል ንጥረ ነገር የሆርሞኑን ሥራ ያግደዋል፤ ዶምፔሪዶን የሚሰጠው ያንን እገዳ ለማንሣት ነው። ይህ መድኃኒት በውኃ አይሟሟም። የፈጨሽው ክኒን ሲሪንጁ ሥር ዘቅጦ ቀርቶ ዓሣዋ ሳላይን ብቻ ተወግታ ሊሆን ይችላል። ፕሮፒሊን ግላይኮል በሚባል አሟሚ ፈሳሽ የተዘጋጀ ካገኘሽ ይሻላል፤ በክኒን ካልሆነ ግን በቀዳሽ ቁጥር አጥብቀሽ ነቅንቂው፣ በወፍራም መርፌም ለብቻው ውጊው፤ የኢንሱሊን መርፌ ይደፈናል። ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ኦቫፕሪም በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ማይክሮግራም ሆርሞንና 10 ሚሊግራም ዶምፔሪዶን ይዟል፤ በኪሎ 0.5 ሚሊ ሊትር ይሰጣል። የሁለቱን ሚዛን ከዚህ ማየት ትችያለሽ።

አሁን ዕንቁላሉ ለምን አልወጣም ወደሚለው ልምጣ። ሆርሞኑ ስለበዛ ዕንቁላል አይፈጥንም፤ ሰዓቱን የሚወስነው የውኃው ሙቀት ነው። አምባዛ በ25 ዲግሪ 11 ሰዓት ገደማ፣ በ22 ዲግሪ 15 ሰዓት ተኩል፣ በ20 ዲግሪ ደግሞ 21 ሰዓት ትፈልጋለች። አንቺ የጠበቅሽው 10 ሰዓት ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ጥልቀት የሌለው የሲሚንቶ ገንዳም ከሐይቁ ፈጥኖ ይቀዘቅዛል። ገንዳሽ 22 ዲግሪ ከነበረ ሆዷን መንካት የነበረብሽ ከረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ቴርሞሜትር ገንዳው ውስጥ ይደር፤ በየሰዓቱ መዝግቢ። ጊዜው ሲደርስ ዕንቁላሉ በትንሽ ግፊት ይፈስሳል፤ ካልፈሰሰ አትጭመቂ፣ ውስጧ ይጎዳል። ከመውጋትሽ በፊትም ጥቂት ዕንቁላል በቀጭን ቱቦ ስበሽ እዪ፤ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆኑና እኩል መጠን ያላቸው ካልሆኑ ምንም ያህል ስሌቱ ቢሰምር አይሠራም።

ይህን ስሌት ለራሳቸው ገላ የሚፈልጉ ሰዎች አሉና አንድ ነገር በግልጽ ልበል፦ «ለምርምር ብቻ» የተባለ ብልቃጥ ለሰው መርፌ አይደለም። ለሰው የሚሆን መጠን ከእኔ አይገኝም፤ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

የተወጉትን ስምንቱን እናቶች ለብቻ ገንዳ አድርጊ፣ ምልክት እሰሪላቸው፤ በዚህ ወቅት ዳግመኛ አትውጊያቸው፣ ወደ ዓሣ ገበያም አይሂዱ። ለሚቀጥለው ምሽት ከጓደኛሽ ጋር ሆናችሁ ስሌቱን ለየብቻችሁ ሥሩ፤ ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ካልመጡ መርፌው አይነሣ።