መልስ፦ በኦክታቪያን ዲናር ላይ ስላለው አዞ

ጤና ይስጥልኝ። በኋላ አውግስጦስ ቄሣር በተባለው የሮም መሪ በኦክታቪያን የብር ሳንቲም ጀርባ ላይ አዞ የተቀረጸው ለምን እንደሆነ፣ ሳንቲሙ ድልን የሚያበስር ከሆነም የተሸናፊው የሮማዊ ተቀናቃኙ የማርክ አንቶኒ ስም ስለምን እንደማይገኝበት ጠይቀዋል።

ሳንቲሙ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ28 ዓመት የተመታ ዲናር ነው፤ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 የወይን አትክልት ሠራተኞች ለአንድ ቀን የተስማሙበት ዋጋም ይኸው የገንዘብ ዓይነት ነው። ክብደቱ 4 ግራም ገደማ ሲሆን፣ በፊቱ የኦክታቪያን ራስ፣ ከማጅራቱ ኋላም ጫፉ የተጠቀለለ የካህናት በትር ይታያል። በጀርባው አዞው በአራት እግሩ ቆሟል፤ ከበላዩ «ኤጊፕቶ»፣ ከበታቹ «ካፕታ» ተብሎ በላቲን ተጽፏል፤ ግብፅ ተያዘች ማለት ነው። አዞው የአባይ ወንዝ፣ አባይም የግብፅ ምልክት በመሆኑ፣ ፊደል ያልቆጠረ ወታደር እንኳ ደመወዙን ሲቀበል መልእክቱን ሊረዳው ይችል ነበር።

የአንቶኒ ስም አለመኖሩ በእኔ እምነት የሳንቲሙ ዋና ብልሃት ነው። ሮማዊ ሮማዊን ድል አድርጎ የድል ሰልፍ መውጣቱ እንደ ነውር ይቆጠር ስለነበር፣ ጦርነቱ ገና ከጅምሩ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ32 ዓመት የታወጀው የአንቶኒ አጋር በነበረችው በግብፅ ንግሥት በክሊዮፓትራ ላይ ብቻ ነበር። በ31 በአክቲየም የባሕር ውጊያ የተሸነፉት፣ በ30 እስክንድርያ ስትያዝም ሕይወታቸውን ያጡት ግን አንቶኒና ክሊዮፓትራ ሁለቱም ናቸው። የእርስ በርሱን ጦርነት በባዕድ አገር ላይ እንደተገኘ ድል አድርጎ በየሰው መዳፍ ላይ ያኖረው ይህ ትንሽ አዞ ነው።