ስደተኞች ለምን እርስ በርሳቸው ብቻ ይኖራሉ?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች። የምኖርበት ከተማ ባለፉት ዓመታት ብዙ ስደተኞች ገብተውበታል። ክፋት የለኝም፤ ግን አንድ ሰፈር ተሰብስበው ነው የሚኖሩት። የሚያወሩት በራሳቸው ቋንቋ ነው፣ ከእኛ ጋር ከሰላምታ አያልፉም። መቀላቀል አይፈልጉም ማለት ነው? እኛስ ምን እናድርግ?
ግራ የገባው ጎረቤት

መልስ፦ ወንድሜ፣ ብዙ ሰው በሆዱ ይዞት የሚዞረውን ጥያቄ ነው ያነሳኸው። እኔ እንደማየው ችግሩ ከፍላጎት ይልቅ የሥራ ፈቃድና የጊዜ ነው። ሰው ከሰው የሚላመደው አብሮ ሲሠራ ነው። በብዙ አገር ግን ጥገኝነት ጠያቂ ጉዳዩ እስኪወሰን ድረስ፣ ወይም ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ወራት፣ መሥራት አይፈቀድለትም። ውሳኔው ደግሞ አንዳንዴ ዓመታት ይፈጃል። እስከዚያ ቤቱ ተቀምጦ ስልክ ይጠብቃል። ከማን ጋር ይላመድ?

ስዊዘርላንድ ውስጥ የተሠራና በ2016 የታተመ ጥናት አለ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ውሳኔ ለማግኘት አንድ ዓመት ተጨማሪ የጠበቁ ሰዎች፣ ፈቃዱ ከተሰጣቸው በኋላም ቢሆን ሥራ የመያዝ ዕድላቸው ከ4 እስከ 5 የመቶኛ ነጥብ ቀንሶ ተገኝቷል። ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት ዋናው ምክንያት ሙያን መርሳት ሳይሆን ተስፋ መቁረጥ ነው። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ጉዳቱን የሚያደርሰው ስደቱ ሳይሆን ወረፋው ነው።

ወደ ሰፈሩ ልምጣ። አዲስ ገቢ የሚከራየው ብዙ ወረቀት በማይጠየቅበት፣ የሚያውቀው ሰው ባለበት ቦታ ነው። የት እንደሚቀጠር፣ የትኛው ቢሮ ምን ሰነድ እንደሚፈልግ የሚነግረው ቀድሞ የገባ የአገሩ ልጅ ነው። ስዊድን ከ1985 ጀምሮ ስደተኞች ትልልቅ ከተሞች ላይ እንዳይከማቹ ብላ በመላ አገሪቱ በትና ነበር፤ ብዙዎቹ የተመደቡት ግን ሥራ ባለበት ሳይሆን ቤት በተገኘበት ነበር። በኋላ ኢኮኖሚስቶች ሲያጠኑት ገቢያቸው ተጎድቶ አገኙት፤ በተለይ ብዙ ያልተማሩት ደግሞ የአገራቸው ሰዎች በብዛት ባሉበት ሲኖሩ የተሻለ ያገኙ ነበር። ስለዚህ ሰፈሩን አትፍራው። እኔን የሚያሳስበኝ ትምህርት ቤቱ ነው። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ልጆች ሁሉ አዲስ ገቢዎች ከሆኑ የአገሩን ቋንቋ ከማን ይልመዱ?

ሕጉ የለም እንዳትል፣ አለ። የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት ስለ ሥራም፣ ስለ ትምህርትም፣ ዜግነት ስለማግኘትም ይደነግጋል፤ የሥራውን አንቀጽ በተመለከተ ግን ብዙ አገሮች የፈረሙት ገደብ አስቀምጠው ነው። ሲፈለግ ደግሞ ይቻላል፦ ኮሎምቢያ በ2021 ለቬንዙዌላውያን የ10 ዓመት ፈቃድ መስጠት ጀመረች፣ የአውሮፓ ኅብረትም በ2022 ከዩክሬን ለሸሹት ጥገኝነት ጠይቀው ሳይጠብቁ የመሥራት መብት ሰጠ።

አንተ ምን ታደርግ? የምትቀጥር ከሆነ ቅጠር፣ የምታከራይ ከሆነ አከራይ። ካልሆነም የምታውቀውን ሰው ለምታውቀው ቀጣሪ አስተዋውቅ፤ ከሰላምታ ሁሉ ይሄ ይበልጣል። ስታወራው ደግሞ «ለምን ተሰደድክ?» ብለህ አትጀምር። ምን ሙያ እንዳለው ጠይቀው።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ አዲስ ገቢ ነኝ። ፈቃድ አግኝቻለሁ። ቋንቋውን ጨርሼ ልቀጠር ወይስ ያገኘሁትን ሥራ ልያዝ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከቻልሽ አንዱን ለሌላው ብለሽ አትተዪ። ጀርመን ለአዲስ ገቢዎች የምታዘጋጀው መደበኛ ኮርስ 600 ሰዓት ቋንቋና 100 ሰዓት ስለ አገሩ ሕግና አኗኗር የሚሰጥ ትምህርት ነው፤ ያን ያህል ጊዜ ያለ ገቢ መቀመጥ ለሁሉም አይሆንም፣ ልጅ የሚይዝላት ለሌላት እናት ደግሞ ጭራሽ ከባድ ነው። ሥራውን ያዢ፣ የማታ ትምህርት ካለ ግን ተመዝገቢ፤ በተለይ ሥራ ቦታሽ ሁሉም የአገርሽ ሰው ከሆነ ቋንቋው እዚያ አይመጣም። የትምህርት ማስረጃሽን ለግምገማ ዛሬውኑ አስገቢ። ቋንቋ እስክትችዪ አትጠብቂ፣ ምርመራው በራሱ ወራት ሊወስድ ይችላል።