«እንዳለ ውሰጂው» ያልኩበት ቀን

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት መምህር ቱሉ ዲምቱ ቤቴ መጥቶ ነበር። ክፍት የትምህርት ግብዓት፣ ማለትም ማንም በነፃ ወስዶ እንዲጠቀምበትና እንዲያሻሽለው የተፈቀደ የማስተማሪያ ጽሑፍ፣ ስለማዘጋጀት ሥልጠና ወስዶ መመለሱ ነው። «ጋሼ፣ ሞጁሌን ክፍት ካደረግኩት ሰው እየገባ አያበላሽብኝም?» አለኝ። ቶሎ መመለስ አቃተኝ።

በ1991 ዓ.ም. የአፈር ሳይንስ አስተምር ነበር። ለሃንድአውቴ ዓመታት ለፍቼበታለሁ። መጀመሪያ የተባዛው በስቴንስል ነው። አንድ ፊደል ከተሳሳተ በቀይ ፈሳሽ ቀብቶ፣ እስኪደርቅ እፍ እያሉ መጠበቅ ነው። በኋላ ኮምፒዩተር ሲመጣ ፍሎፒ ላይ አስገለበጥኩት።

አንዲት ጀማሪ መምህርት ከደቡብ መጣች። «ጋሼ፣ ፍሎፒውን ቢሰጡኝ ምሳሌዎቹን ለተማሪዎቼ እንዲስማሙ አድርጌ ላስተካክላቸው» አለችኝ። ምሳሌዎቼ በሙሉ የአቃቂና የደብረ ዘይት ዋልካ፣ ያ ጥቁር ጭቃ አፈር፣ ነበሩ። ዋልካ ክረምት ላይ ውኃ ይዞ ይተኛል፤ በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። እዚህ ሰፈራችን የግቢ አጥር የሚሰነጥቀው እሱ ነው። የእሷ ተማሪዎች የሚያውቁት ግን ውኃ የሚያሰርገውን ቀይ አፈር ነው።

«ፎቶ ኮፒውን እንዳለ ውሰጂው። አንድ መስመር እንዳትነኪ» አልኳት። በሁለት እጇ ተቀብላኝ አመስግና ሄደች።

ከዓመታት በኋላ አንድ ስብሰባ ላይ ተገናኘን። ቅያሜ አልነበራትም። «ተማሪዎቼ ስለ ስንጥቁ በቃላቸው ጽፈው ፈተናውን አለፉ። ማሳ ወስጄ አፈር ሳስቆፍራቸው ግን ‹ቲቸር፣ ስንጥቁ የታለ?› አሉኝ» አለችኝ። ይህ እስካሁን ይከነክነኛል። ፍሎፒውም ቢሆን መሳቢያ ውስጥ ተበላሽቶ ቀረ።

ለዚያ ወጣት የነገርኩት ይህንኑ ነው። ክሪኤቲቭ ኮመንስ የሚባለው፣ ሌላው ሰው በሥራህ ምን ማድረግ እንደሚችል የምትገልጽበት ፈቃድ አለ። እሱ ላይ ኤንዲ (ND) የምትለውን ምልክት ከጨመርክ፣ ሌላው አሻሽሎ ሊያሰራጨው አይችልም። የእኔ «እንዳትነኪ» ማለት ነው። ሲሲ ባይ (CC BY) የሚባለው ፈቃድ ግን ስምህን ጠቅሶ እንዲለውጠው ይፈቅዳል። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ ክፍት የትምህርት ግብዓት ባጸደቀው የውሳኔ ሐሳብ ማላመድን፣ ማለትም ለራስ ተማሪዎች እንዲስማማ አድርጎ መለወጥን፣ ከክፍትነቱ ጋር አብሮ አስቀምጦታል። ፒዲኤፍ ብቻ አትስጡ፤ የሚታረመውን ፋይል ስጡ።

የዛሬ ልጆች ላይ የማልወደው ነገር አለ። ከቴሌግራም የሰው ሥራ ታወርዱና ሽፋኑን ቀይራችሁ ስማችሁን ትጽፉበታላችሁ። ይህ ማላመድ አይደለም፤ ነውር ነው። ደግሞ እኛ ቆልፈን ያስቀመጥነውን እናንተ በአንድ ሌሊት ለሺህ ተማሪ ታደርሳላችሁ። በዚህ እቀናባችኋለሁ።

ሥልጠና የምታዘጋጁም ሦስት ቀን ሙሉ ስላይድ አታሳዩ። መምህሩ የራሱን ሞጁል በፍላሽ ይዞ ይምጣ። አንድ ምዕራፍ ይምረጥና ለተማሪዎቹ አገር የሚሆን ምሳሌ ያስገባበት። ፈቃዱንም እዚያው ይጻፍበት። ሲነካው ነው የሚገባው።

እኔም ከቀረኝ ፎቶ ኮፒ ላይ እንደገና እያስተየብኩ ነው። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ከዋልካው ምሳሌ ቀጥሎ አንድ ገጽ ባዶ ትቻለሁ። ቀይ አፈር ባለበት የምታስተምሩ ልጆቼ፣ ገጹ የእናንተ ነው።