ሁሌ ለምለም የሆነ ሙያ ለምትፈልጉ

በቀደም አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ ቡና ስንጠጣ አንድ ወጣት የሒሳብ ሠራተኛ «ጋሼ፣ ኤቨርግሪን የሆነ ሙያ የቱ ነው?» አለኝ። ሁሌ ለምለም፣ አንዴ ተምሮት ዕድሜ ልኩን የማይቸገርበት ማለቱ ነው። የዘንድሮ ልጆች ሁሉን ነገር አንዴ መገላገል ትወዳላችሁ።

እኔን ግን የአንድ ዛፍ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

የግብርና ባለሙያ ሆኜ የአዳማን ገጠር ስዞር የማውቃቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ማሳቸው መሃል ትልቅ ገርቢ ቆሟል። ገርቢ የግራር ወገን ነው፤ ጠባዩ ግን ለብቻው ነው። ክረምት ገብቶ ሌላው ሲለመልም እሱ ቅጠሉን ያራግፋል። በጋ ላይ አገሩ አቧራ ሲለብስ አረንጓዴ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ለገበሬ ከዚህ የሚመች የለም። በሰብል ወቅት ጥላ አያበዛም፣ ቅጠሉ አፈሩን ያዳብራል፣ የበጋ ፍሬው የከብት መኖ ነው። ሽማግሌው ከዛፉ ሥር የበቀለውን ጤፍ ጨበጥ አድርገው «እዚህጋ ማዳበሪያ አልነሰነስኩም» ይሉኝ ነበር። ዛላው ከዳር ካለው ይወፍራል።

እሳቸው ሲያርፉ መሬቱ ከተማ ላደገው ልጃቸው ደረሰ። ሐምሌ ላይ መጥቶ ዛፉን እርቃኑን አየው። «ደርቋል» አለና ለከሰል አክሳዮች ሸጠው። ስደርስ ግንዱ ተቆራርጧል፤ ቁርጡን ስነካው እጄን አረጠበው። ልቆጣው አማረኝ፣ ግን ማን ነግሮት?

የጥምር እርሻ ተመራማሪዎች «ኤቨርግሪን አግሪካልቸር» ብለው ለሰየሙት፣ ዛፍና ሰብል አብረው ለሚበቅሉበት የእርሻ ዘዴ ዋና ምሳሌ የሚያደርጉት ይኼንኑ ክረምቱን ራቁቱን የሚቆም ዛፍ ነው። እነ ጽድና ወይራም ቢሆኑ ቅጠል ይጥላሉ፤ ቀስ በቀስ እየተኩ ስለሆነ ማንም ልብ አይልም።

ጠንክሩ፣ ቆጥቡ የሚለውን ቤታችሁ ሰምታችኋል፤ አልደግመውም። ለዚያ የሒሳብ ሠራተኛ ያልኩት ይኼን ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ፣ ሐምሌ ላይ ግብር ከፋዩ ይንጋጋብሃል። ጥር ላይ ዝንብ እሽ ትላለህ። ያኔ ሙያው ሞተ ብለህ ዘለህ አትውጣ። አዲስ የሒሳብ ሶፍትዌር ልመድ፣ የአንድ ነጋዴ ዓመት የከረመ ደረሰኝ አስተካክል።

ይኼን የምላችሁ ሰውዬ ግን ልጄን «ኮምፒውተር ተማሪ፣ እሱ ጊዜ አያልፍበትም» እያልኩ የነዘነዝኩ ነኝ። ተማረችው። አሁን ሐዋሳ ዶሮ ታረባለች፤ ገቢዋም ከኔ ጡረታ ይበልጣል።